የቄራ ደም የጠጣ ጎመን

ጎመን አልበላም። ቆስጣም ሰላጣም ቢሆን፣ ቅጠል የሚባል ነገር በአፌ አይዞርም። ሰው ቤት ተጋብዤ ሲቀርብልኝ «ጨጓራ አለብኝ» ብዬ አልፋለሁ። ጨጓራዬ እንኳን ጎመን ድንጋይ ይፈጫል፤ ምክንያቱ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ በገዛ እጄ ጎመን አብቅያለሁ፣ ምን አጠጥቼ እንዳበቀልኩትም አውቃለሁ።

ጊዜው የደርግ ነው። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም የመንግሥት ሠራተኞች ነበርን፤ እሱ መጋዘን ውስጥ፣ እኔ ታይፒስት። በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅተን ስንጠብቅ ስንጠብቅ፣ ከመካኒሳ አቦ አልፎ ወደ ለቡ በሚወስደው በኩል ቦታ ደረሰን። እኔ ተወልጄ ያደግሁት መሃል ከተማ አስፋልት ዳር ነው። ጭቃ ማለት ለእኔ ክረምት ክረምት ጫማ ላይ የሚገኝና በጨርቅ የሚጠረግ ነገር ነበር። እዚያ ስንሄድ ግን ጥቁር መረሬ አፈር ጠበቀኝ። ሲዘንብ ጫማ ከእግር አውልቆ ያስቀራል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ቁርጭምጭሚት ያስገባል። የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፍኩት እያለቀስኩ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤት ሠራንና ከኋላ አንድ ቁራጭ መሬት ተረፈን። ያቺ ቁራጭ መሬት የእናቴ ነበረች። በወረቀት አይደለም፣ በሐሳብ። እናቴ ከተማ ውስጥ አንዲት የቀበሌ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትኖር ነበር። ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ያብጣል፣ ጉልበቷ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየባሰባት ሄዷል። እሷ ብቻዋን አሳደገችኝ፤ ሌላ ልጅ የላትም። ሲሚንቶ በዚያን ጊዜ በኮታ ስለነበር ተራችን ሲደርስ ከጓሮ አንድ ክፍል ልንሠራላት ተስማምተናል። እስከዚያ ድረስ የሚጠበቅብን መሬቱን ይዞ መቆየት ብቻ ነው ብዬ ነበር። መሬት ደግሞ የት ይሄዳል።

ለካ ይሄዳል። አንድ እሁድ ጠዋት፣ ሆን ብለው ሰው ቤተ ክርስቲያን በሚሄድበት ሰዓት፣ ቀበሌ ስብሰባ ጠራን። ሊቀ መንበሩ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ቀጭን፣ ካኪ ልብሱን ሁልጊዜ ተኩሶ የሚለብስ ሰው ነው። የጓሮ አትክልት ዘመቻ መታወጁን ተናገረ። ሃይማኖት እንዴት ሕዝቡን ከሥራ እንዳሰነፈው፣ በዓመት ውስጥ ስንት ቀን በጾምና በበዓል እንደሚባክን ዘርዝሮ ዘርዝሮ ሲያበቃ ወደ ዋናው ነገር መጣ። «ጦሙን የሚያድር ጓሮ ካለ ተቆርሶ ለሚያለማው ይሰጣል። ከፋሲካ በፊት እየዞርን እናያለን» አለ። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ ያላጨበጨበ ይታያል።

ባለቤቴን ግን ነገሩ ደስ አለው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፣ ይህ ሰውዬ ለካ ገበሬ መሆን ያምረው ኖሯል። ሬዲዮ ላይ ስለ አትክልት የሚነገረውን ሁሉ ይሰማል፤ በማግሥቱ አካፋና ዶማ ተውሶ መጣ። ሁለት ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ቆፈረ። የጎመን ዘር ዘራን። መሬቱ ተሰነጠቀ፣ ዘሩ ስንጥቁ ውስጥ ገባ፣ ነገሩም በዚያው አበቃ።

ከአጥራችን ማዶ ከእኛ በፊት እዚያ አገር የኖሩ፣ ከብት ያላቸው አንዲት አሮጊት አሉ። ጓሯችን ድሮ የእሳቸው ከብቶች መዋያ ነበር። እበት እንዲሰጡን ለመንናቸው። ሳቁብን። «አንቺ ልጅ፣ እበቱን ለእናንተ ጎመን ከሰጠሁ እኔ በምን ልጋግር?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ግቢያቸው ዙሪያውን የኩበት ክምር ነው። ምን ብዬ ልከራከር፣ አመስግኜ ተመለስኩ።

ባለቤቴ ግን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይደለም፤ ቢቆርጥልኝ ይሻለኝ ነበር። ቄራ የሚሠራ የሚያውቀው ሰው ነበረው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ አጥቤ ሳሰጣ አንድ ነገር ሸተተኝ። ቀድሞ የመጣው ሽታው ነው። ከዚያ ዝንቡ። ከዚያ አህያዋ፣ ከአህያዋ ኋላ ደግሞ ባለቤቴ ፈገግ ብሎ። አህያዋ ላይ ሁለት ጀሪካንና ሁለት ማዳበሪያ ጆንያ ተጭኗል። ጆንያው ከስሩ ያንጠባጥባል።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ወርቅ ነው» አለኝ።

ወርቁ ፈርስ ነበር። ከታረደ በሬ ሆድ የሚወጣ፣ ግማሹ ሣር ግማሹ ሌላ የሆነ፣ አረንጓዴ፣ ገና ትኩስ ነገር። ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ደግሞ ደም ነው። ክዳኑን ሲከፍተው አየሁት፤ ረግቶ ጉበት መስሏል፣ እንጨት ሰዶ ሲያማስለው ብልቅ ብልቅ ይላል። ያጠብኩትን ነጠላ አፍንጫዬ ላይ ይዤ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። እሱም በሩን አንኳኳ። «ነይ እንጂ፣ ብቻዬን አልችለውም» ይላል። ብቻውን ያመጣውን ብቻውን አይችለውም።

ወጣሁ። ያቺን መሬት እያሰብኩ፣ የእናቴን ጉልበት እያሰብኩ ወጣሁ። እሱ ቦይ እየቆፈረ ይሄዳል፣ እኔ ፈርሱን በአካፋ እየዛቅሁ ከአመድ ጋር አደባልቃለሁ፣ ከዚያ ደሙን ከላይ እናፈስበታለን። ደሙ ይፈናጠራል። ቀሚሴ ላይ፣ እግሬ ላይ፣ አንድ ጊዜ ከንፈሬ ላይ ፈነጠቀኝ። እዚያው ቆሜ አስመለሰኝ። ባለቤቴ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ «እሱም ማዳበሪያ ነው» አለ። በዚያች ሰዓት ልፈታው አስቤ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ምክንያት አልነበረሽም የሚለኝ ዳኛ አይገኝም።

ጉዱ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ችኩል ስለሆነ በማግሥቱ ችግኝ ገዝቶ ተከለበት። በሳምንቱ ችግኙ ሁሉ ከስሩ ቢጫ ሆኖ ተቃጠለ። የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ገብቶ ቦዩን ቆፍሮ ፈርሱን በየደጁ በተነው። ከላይ አሞራ ይዞራል። የቀረውን ስንገልጠው ነጫጭ ትል ይርመሰመስበታል፤ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነው፣ ዛሬም ሩዝ ሳይ ትዝ ይለኛል። አሮጊቷ ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል አፋቸውን በሻሽ ሸፍነው «ሰው ሞቶባችሁ ነው እንዴ?» አሉን።

እንደገና ጀመርን። ሌላ ጆንያ፣ ሌላ ጀሪካን፣ ያቺው አህያ። በዚህኛው ጊዜ በደንብ ቀብረን፣ አፈር ተጭነን፣ በላዩ ላይ እሾህ ከምረን እስኪበስል ተውነው። ከዚያ በኋላ ተከልን። ውሃውን ከወንዝ ነው የምንቀዳው፤ ቦኖው ለመጠጥም አይበቃም። የወንዙ ውሃ ደግሞ የከተማውን እጣቢ ሁሉ ይዞ የሚወርድ፣ አረፋ ያለው ጥቁር ውሃ ነው። ከደሙ የሚሻለው ስለማይረጋ ብቻ ነው። ችግኙ ትንሽ ቀና ሲል ባለቤቴ በየሁለት ሳምንቱ ደም በውሃ በጥብጦ ያጠጣዋል። እጄን በሎሚ ብፈትገው፣ በቀበሌ ሱቅ ሳሙና ብፈትገው ሽታው ከጥፍሬ ስር አይወጣም። ቢሮ ስተይብ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ምንም ሳትል ተነስታ መስኮት ትከፍታለች። እኔም ቀና ብዬ አያትና መተየቤን እቀጥላለሁ።

ከዚያ በቀለ። አይ የበቀለውስ። እንዲህ ያለ ጎመን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ቅጠሉ ሰፌድ የሚያህል፣ ወደ ጥቁር የሚሄድ አረንጓዴ፣ ግንዱ የልጅ ክንድ የሚያክል ነበር። ሰው ከመንገድ ቆሞ ያደንቃል። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ ጓሮ ሄዶ ያየዋል፣ ከዚያ ነው ለእኔ ሰላም የሚለው። እኔ ሳየው የሚታየኝ ያ ማማሰያ እንጨት ነው።

ልክ ሁዳዴ ሊገባ ሲል የእናቴ ኮርኒስ ተደርምሶ አልጋዋ ላይ ወደቀ። እሷ ደጅ ስለነበረች ተረፈች። ቀበሌዋ እንዲጠግንላት ማመልከት ሌላ ዕድሜ ስለሚጠይቅ ይዘናት መጣን፣ ሳሎን ውስጥ ታጣፊ አልጋ ዘረጋንላት። ይዛ የመጣችው አንድ ጥቅል ልብስና የጾም ዕቃዋን ነው። እናቴ ለጾም የተለየ ድስት፣ የተለየ ቢላ፣ የተለየ መክተፊያ ነበራት። ቅቤ የነካ ማንኪያ ድስቷ ውስጥ ከገባ ድስቱ ለዚያ ጾም አበቃለት፤ አጥባ ገልብጣ ታስቀምጠዋለች። ሥጋ እንኳ በፍስኩ ጊዜ ማን እንዳረደው ሳትጠይቅ አትቀምስም። እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ ደም በጠጣ ጎመን መሃል መጥታ ያረፈችው።

ባለቤቴ ወደ ጓዳ ጎትቶኝ «እንዳትነግሪያት» አለኝ። «ከነገርሻት አንድ ቅጠል አትቀምስም። እኛም ጓሮ ሙሉ ጎመን እያለን ለእናትሽ በሁዳዴ ምን ልናበላት ነው?» ምስር እንደ ልብ አይገኝም ነበር፣ ሽሮም በልክ ነው። ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ግን ሆዴ ውስጥ ነቀዘ።

እና ቀቀልኩት። በእሷ የጾም ድስት፣ በእሷ ቢላ ከትፌ፣ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት። ሽታው ሲነሳ ትንፋሼን ይዤ ነው የማማስለው። እኔ ሽሮ ይሻለኛል እያልኩ አልነካውም፤ እናቴ አንድም ቀን ለምን አላለችኝም። እሷ ግን ትበላለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ታማትባለች፣ ሳህኗን ትቀበላለች፣ ቀና ሳትል ፈጥና ትጨርሳለች። እኔም እጨምርላታለሁ። ደግማ ትጨርሳለች። ወደደችው ብዬ እፎይ አልኩ። ቢያንስ አንዳችን ሳንጸየፍ እየበላን ነው፣ ጎመን በጤና አልኩ ለራሴ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሊቀ መንበሩ ሁለት አብዮት ጠባቂ አስከትሎ መጣ። ባለቤቴም ይህን ቀን ሲጠብቅ ፈቃድ ወስዶ ቤት ነበር። እየመራ ጓሮ ወሰዳቸው። እኔ ከመስኮት አያለሁ። ሊቀ መንበሩ ቅጠሉን ይዳስሳል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ለጠባቂዎቹ የሆነ ነገር ይናገራል፤ ባለቤቴ እጁን አጣምሮ እንደ ሙሽራ ቆሟል። ተረፍን አልኩ። መሬቷ ተረፈች፣ ክፍሉ ይሠራል፣ ከዚህ በኋላ ይህን ቆሻሻ ነቅዬ እጥለዋለሁ።

ሲመለሱ ምሳ ቀረበ። እንግዳ ደጅ ደርሶ ሳይቀምስ አይሄድም፤ ያለን ደግሞ ያው ጎመን ነው። ሊቀ መንበሩ ሶፋው ላይ ተቀመጠና «በዘይት ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ነገሩን ቀለል አድርጎ፣ ሌላ ቦታ እያየ።

«አዎ ጓድ፣ በዘይት ነው» አልኩት።

ሰዓቱን አየ። ዘጠኝ አልፏል። ከዚያ እጁን ለመታጠብ ተነሳ። ሃይማኖት ሕዝቡን አሰነፈው ያለን ሰው ሰዓት ጠብቆ ይጾማል፣ ያውም የእሁድ ቅዳሴ ያስቀረን ሰው። ፊቴን ወደ ጓዳ አዞርኩ፣ ያየሁትን ፊቴ ላይ እንዳያይ ብዬ። እናቴ ጥግ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ መቁጠሪያዋን ነጠላዋ ውስጥ ይዛለች። እሷም ሰዓቱን ሲያይ አይታዋለች።

በላ። ጣፈጠው። ጠባቂዎቹም በሉ። ሁለተኛ ሲጨመርለት ባለቤቴን ትከሻውን መታ አድርጎ ንግግር ጀመረ። ይህ ጓሮ የእናንተ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም አለ። የቀበሌው ሠርቶ ማሳያ ይሆናል፣ አጥሩ ከቤቱ በኩል ይዘጋና ከመንገድ በኩል በር ይከፈትለታል፣ ሴቶች ማኅበር ያለማዋል፣ ምርቱ ለቀበሌው ሱቅ ይሆናል። «ለእናንተም ትልቅ ክብር ነው» አለ፤ ጉርሻውን ጠቅልሎ አፉ ውስጥ እየከተተ።

ባይለማ ይወስዱት ነበር፤ ለማና ወሰዱት። ያ ሁሉ ፈርስ፣ ያ ሁሉ ትል፣ ከንፈሬ ላይ የፈነጠቀው ደም፣ ለዚህ ሰውዬ ሱቅ ኖሯል። ለጓድ ሊቀ መንበር ደግሞ እምቢ አይባልም፤ እምቢ ያለ የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ጭልፋውን ይዤ እንደ ደነዘዝኩ ቆምኩ።

«ልጄ» አለች እናቴ።

እሱን ነው። በሰፈሩ ሁሉ ጓድ የሚባለውን ሰው ልጄ አለችው። ዞር ብሎ አያት።

«መውሰዱን ውሰዱት ልጄ፣ የመንግሥት መሬት ነው። ግን ደሙን ማን ሊያመጣላችሁ ነው?»

«የምን ደም እማማ?»

«የቄራ ደም ነዋ። ያለ ደም እዚህ መሬት ላይ ምን ይበቅላል። በየሁለት ሳምንቱ ነው የሚጠጣው። ከስሩ ደግሞ ፈርስ አለ። የሴቶች ማኅበሮቹ እሱንም መዛቅ ይኖርባቸዋል።» ድምፅዋ ሽንኩርት ስንት ገባ ብላ እንደምትጠይቅ ያህል ነው። «ማን እንደሚያርደው ግን አላውቅም። በማን ስም እንደሚባረክም አላውቅም። ዛሬ ደግሞ ዓርብ ነው።»

የሊቀ መንበሩ መንጋጭላ ቆመ። ጉርሻው ጉንጩ ውስጥ ነው፣ አይውጠው አይተፋው። እኔን አየኝ፣ ከዚያ ባለቤቴን አየው። ባለቤቴ ወለሉን እያየ «ለማዳበሪያ ነው ጓድ» አለ።

ሰውዬው አፉን በእጁ ይዞ ተነሳና ወጣ። ከአጥሩ ጥግ ሲያስመልሰው ሳሎን ድረስ ይሰማል። ጠባቂዎቹ እጃቸውን ከትሪው አንስተው ወደ ጣሪያው ያያሉ፤ አንደኛው ማተቡን በሸሚዙ ላይ ሲዳብስ አየሁት። የመታጠቢያ ውሃ ይዤ ሊቀ መንበሩን ተከተልኩት። ዐይኑ ቀልቷል፣ ካኪው ላይ ጎመን አለ። ስለ ደም አንድ ነገር አላለም፤ እንዴት ይበል፣ ስለ ምን ይቆጣል? ተጉመጥምጦ ሲያበቃ «የንጽሕና ጉድለት ስላለበት ለሕዝብ አይሆንም» አለ። «ጓሮው ለምቷል፤ እንዳለ ይቆይ።» ከዚያች ቀን በኋላ በደጃችን ሲያልፍ በማዶ በኩል ነበር የሚሄደው።

ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ ደጅ ወጥቶ ብቻውን ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። እናቴ የጾም ድስቷን ገንዳ ውስጥ አስቀምጣ በአመድ ትፈትጋለች።

«እማዬ፣ ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል፣ አፍንጫ የለኝም? የመጣሁ ቀን በሩን ስገባ አውቄዋለሁ። ባልሽ በየሁለት ሳምንቱ ጀሪካኑን ይዞ ጓሮ ሲገባም አይቻለሁ።»

«ታዲያ በሁዳዴ እንዴት በላሽው?»

መፈተጉን አላቆመችም። «ባልበላው ትነቅይው ነበር። አውቅሻለሁ እኮ፣ ሰበብ ነው የምትፈልጊው። ከነቀልሽው መሬቱ ሄደ፣ መሬቱ ከሄደ እኔስ የት ልግባ?» ድስቱን ገልብጣ ውሃውን አንጠፈጠፈችው። «ደግሞ ሳላኝክ ነው የምውጠው። አፌ ውስጥ እንዳይቆይ።»

ሲሚንቶው በሚቀጥለው ዓመት ደረሰን። ጎመኑን በእጄ ነቀልኩት፣ ለአሮጊቷ ከብቶች ሰጠሁት፣ ከብቶቹ ሳይጸየፉ በሉት። የክፍሉ መሠረት ሲቆፈር ያ ሽታ ድጋሚ ተነሳ፤ አፍንጫዬን ይዤ ቆሜ አስቆፈርኩ። እናቴ እዚያ ክፍል ውስጥ ኖራ እዚያው አረፈች። ሰው ጎመን ለምን እንደማልበላ ሲጠይቀኝ ስለ ደሙ እነግረዋለሁ፣ ስለ ትሉም እነግረዋለሁ፣ ፊቱን ሲያጨማድድ አይቼ እተወዋለሁ። ስለ ሳህኑ ግን ለማንም አልነገርኩም። ያን ሁዳዴ ሙሉ እናቴ ሳህኗን ፈጥና ባዶ ባደረገች ቁጥር፣ ጥሟት መስሎኝ፣ ጭልፋ ሙሉ እጨምርላት ነበር።